መርዶ ነጋሪው ባሕር የገባ ዕለት

መንግሥቴን ሲያትል ውስጥ የማያውቀው ሐበሻ የለም፤ በሩ ላይ ሲያየው ደስ የሚለው ግን የለም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሰውየው እንጀራው የኤርፖርት ቫን መንዳት ነው፤ ከፌደራል ዌይ በሌሊት ተነስቶ ሻንጣ ሲጭን፣ ሻንጣ ሲያወርድ ይውላል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ መርዶ ይነግራል። ማንም አልሾመውም። ድሮ ሴንትራል ዲስትሪክት ሬስቶራንት የምትሠራ አንዲት ልጅ አገር ቤት አባቷ ሞቶባት፣ የሚነግራት ሲጠፋ፣ «እሱ ቫን አለው፣ ድምፁም ወፍራም ነው» ብለው ላኩት። ሄደ፤ ነገራት፤ አሳመረው። መርዶ ማሳመር የሚባል ነገር ካለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ሰው በሞተ ቁጥር ስልኩ መጀመሪያ የሚደወለው ለመንግሥቴ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ጠዋት በር ተንኳኩቶ በቀዳዳው ያ ሰፊ ግንባር ከታየ፣ አለቀ። ጓደኛው አክሊሉ፣ ያ ቼሪ መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ያለው፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥነው፣ ሁሌ ይተርበዋል።

«ስማ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ቤቴ ስትመጣ መጀመሪያ ኮል አድርግና ‹የመጣሁት እራት ልበላ ነው› በል። ባለፈው መኪናህን ፓርክ ስታደርግ ሚስቴ በመስኮት አይታህ ደረቷን መድቃት ጀመረች እኮ! ማን ሞተ ብላት፣ ‹እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ መጥቷል፣ የሆነ ሰው መሞቱ አይቀርም› አለችኝ።»

መንግሥቴ ይስቃል። ሲስቅ ሆዱ እንጂ ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ ፊቱን ለሥራ ነው የሚያስቀምጠው።

ሥራው ደግሞ ሕግ አለው። ማታ መርዶ አይነገርም፤ ማታ የሰማ ሰው ያን ሌሊት በምን ይገፋዋል? በጠዋት ነው። ሰውየው አስቀድሞ እህል ይቅመስ፤ ከሰማ በኋላ መቼ እንደሚበላ አይታወቅማ። መኪና ሊነዳ ያለ፣ ፈተና ያለበት፣ ሥራ ሊገባ ያለ ሰው አይነገረውም። ስልኩን በሆነ ሰበብ መቀበል ነው፤ «ፌስቡክ የሚሉት ስድ መርዶ ነጋሪ መጥቶብናል» ይላል መንግሥቴ፣ ገበያውን እንደተሻሙበት ነጋዴ እያማው። አገር ቤት ልደውል ያለ እንደሆነ «ኔትወርክ የለም» ይባላል፤ ለኛ አገር ኔትወርክ ማን ተከራክሮ ያውቃል! ሴቶቹ ጥቁሩን ከካፖርት ሥር ይልበሱ፣ ቀድሞ እንዳይታይ። በግራ አክሊሉ፣ በቀኝ ከማል ይቆማሉ። ከማል የታክሲ ሹፌር ነው፤ ትከሻው ቁም ሣጥን ያክላል፤ ስንቱን ሲወድቅ ቀልቦታል። ያን ጊዜ መንግሥቴ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ቁጭ በል ወንድሜ። እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች ነን» ይላል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው ቀሪውን አይሰማም፤ አያስፈልገውምም።

«ለምን ቶሎ አትነግሯቸውም?» ያሉት እንደሆነ መልስ አለው። «ያልሰማ ሰው ዘንድ የሞተው አልሞተም። እኛ የምንሰጠው እሱን ነው። ትንሽ ዕድሜ።»

በዚህ ነገር አገሩ ሁሉ ተስማምቶ አንዲት መክሊት ብቻ አልተስማማችም። መክሊት ዋይት ሴንተር የምትኖር ነርስ ናት። የነርስነት ፈተናዋን ልትወስድ ስትል እናቷ ሞቱ፤ መንግሥቴ «ፈተናው ይለፍ» አለ፤ ፈተናው ተራዘመ፤ መርዶውም አብሮ ተራዘመ፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ወር ሞላ። ልጅቷ አለፈች። በዚያው ደስታዋ ለእናቷ ጫማ ገዛች። ጫማው ካርቶን ውስጥ እንዳለ እነ መንግሥቴ በጠዋት በሩን አንኳኩ። አልጮኸችም። ሁሌ «ጋሼ፣ እርስዎ» የምትለውን ሰው ትክ ብላ አየችውና፣

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ወሩን ሙሉ ለማን ነበር ጤና የምለምነው? ባለፈው እሁድ ‹ለእማዬ ጤናዋን ይስጥልኝ› ስል አጠገቤ ቆመህ አሜን ያልከው አንተ አይደለህም?»

ብሎ ነበር። አሜን ብሎ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲህ በዓል ላይ ሲገናኙ ሰላም የምትለው የግድግዳውን ሰዓት ነው።

መንግሥቴ ራሱ አገር ቤት የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እህቱ እጅጋየሁ። አባት እናታቸው በልጅነት ሄደዋል፤ ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ያሳደገችው እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሐይቁ ውስጥ ይዘላል፤ ገብቶ አይወጣም። እሷ ዳር ላይ ልብሱን ታቅፋ ትቆማለች። መዋኘት አትችልም፤ ያላት መሣሪያ ልብሱ ነው። «ውጣ! ካልወጣህ ልብስህን ይዤ እሄዳለሁ!» ትለዋለች። «ሂጂ!» ይላታል ከውሃው ውስጥ። አንድ ቀንም ሄዳ አታውቅም። እስኪመሽ ትቆማለች እንጂ።

አሁን ኩላሊቶቿ ሁለቱም ደክመዋል። በየሳምንቱ ደሴ ሄዳ እጥበት ታደርጋለች፤ እጥበቱ ከቀረ እሷም የለችም። ለአቅመ ደካሞች እጥበት የሚከፍል አንድ ማኅበር አለ፤ እሱ ደግሞ እጁ አጠረ ተባለ። መንግሥቴ ይህን የሰማ ሰሞን ቫኑን እየነዳ መውጫውን ይስታል፤ ኤርፖርት ያለውን መንገደኛ ታኮማ ይዞት ይሄዳል።

መላውን ያመጣችው ልጁ ሃሴት ናት፤ ኮሌጅ የምትማረው። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው።

«ዳዲ፣ ዩ ካን ስዊም፣ ራይት?»

«እንዴታ! በልጅነቴ ዓሣ ነበርኩ።»

«ፐርፌክት! ጃንዋሪ ፈርስት፣ አልካይ ቢች። ኢትስ ፎር ቻሪቲ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፈረንጆቹ ለአዲስ ዓመታቸው በዚያ በረዶ ባሕር ይገባሉ። የገባ ሰው «ለዚህ ማኅበር ነው የምገባው» ይላል፤ ወዳጅ ዘመድ ደግሞ በስሙ ለማኅበሩ ይሰጣል። ሃሴት ፎቶውን ለጥፋ፣ የኩላሊቱን ማኅበር ስም ጽፋ ለሐበሻው ሁሉ ላከችው።

ሚስቱ ዘሪቱ ማድ ቤት ሆና ሰማች። «ምነው፣ ፈረንጅ ሙቅ ውሃ ተቆረጠበት? ለሰው ለመስጠት የግድ መንቀጥቀጥ አለብህ?»

አክሊሉም ደንበኛ ራስ ላይ መቀሱን እንደያዘ ጮኸ። «ጥምቀት እኮ ገና ነው! ታቦቱ ሳይወጣ አንተ ቀድመህ ልትጠመቅ? ኦኬ፣ ሶ፣ ቁምጣ አለህ? ቁምጣ ለብሰህ መርዶ ነግረህ ታውቃለህ?»

ግን ሰጡ። ሐበሻው ለምንም ነገር እንዲህ ሰጥቶ አያውቅም። በሩን ያንኳኳበት ሁሉ፣ እንቅልፉን የቀማው ሁሉ፣ ያስለቀሰው ሁሉ፣ «እሱ ሲንቀጠቀጥ ልየው እንጂ!» እያለ ሰጠ። ማኅበሩም «እጥበቱ ይቀጥላል» ብሎ መልእክት ላከ። መንግሥቴ መልእክቱን አይቶ ቫኑን ዳር አስያዘና አለቀሰ፤ ከኋላ የተቀመጡት ፈረንጆች ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ወርደው አዩ።

ያኔውኑ ለእጅጋየሁ ደወለ። ሳቀች። ሳቋ አጥሯል፤ በመሃሉ ትንፋሽ ትፈልግለታለች።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ከውሃ አትወጣም?»

«ላንቺ ስል ነው የምገባው።»

«ልብስህንስ ማን ይይዝልሃል?»

«ዘሪቱ ትይዝልኛለች።»

«አደራ፣ በጊዜ ውጣ። ዘሪቱ እንደኔ አትታገስህም።»

ይህን ተባባሉ። ከዚያ በኋላ ሲደውል ስልኳ አይነሳም። ለጎረቤቷ ቢደውልም አይነሳም።

«ኔትወርክ የለም አሉ» አለች ዘሪቱ፣ ሽንኩርት እየከተፈች። «ያው ታውቀው የለም።»

ያውቀዋል። እሱ ያላወቀው ማን ይወቀው? ግን ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም። «ይሄ ቴሌ ደግሞ አበዛው» ብሎ ጫማውን አሰረና ለእህቱ ሹራብ ሊገዛላት ወጣ፤ እጥበት ክፍሉ ይበርዳል ብላው ነበር። ዘሪቱንም ይዟት ሄደ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሹራብ አንስቶ፣ «ቀዩ ነው አረንጓዴው?» አላት። ዘሪቱ አየችው፤ ሹራቡን ሳይሆን እሱን።

«አረንጓዴው ያምርባታል» አለችና መጸዳጃ ቤት ሄደች። ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ?»

«የጾም ነገር። ሽሮው ነው።»

«ብያለሁ፣ በርበሬ አታብዢ» አላት። አመናት። እሱ ስንቱን እንዲህ እንዳሳመነ!

የጃንዋሪ አንድ ዕለት ጠዋት ሲነሳ ዘሪቱ ገንፎ ሠርታ ጠበቀችው። የገና ጾም ነው፤ መንግሥቴ ደግሞ በጾም ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አይቀምስም።

«ብላ።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ባሕር ልትገባ አይደል? ብላ።»

«ቄሱ...»

«ቄሱን ጠይቄያለሁ! ብላ ስልህ ብላ!» ማንኪያውን አስጨበጠችው። በላ። ጎረሰ፣ አመሰገነ፣ ጨመረ።

አክሊሉ በር ላይ መኪናውን አስነስቶ ቆሟል። «ዛሬ አትነዳም። አትሌት ነህ! ደግሞ ስልክህን ስጠኝ፣ ቪዲዮ ልቅረጽህ፤ የኔ ባትሪው አልቋል።» ሰጠው። ወንጌል እንደሚሰጥ በሁለት እጁ ነው የሰጠው።

ያ እንቅልፉ ውስጥ እንኳ የማይዘጋ የአክሊሉ አፍ ከፌደራል ዌይ እስከ ዌስት ሲያትል ድልድይ አንድ ቃል አልወጣውም። ሃሴት ከኋላ ኮፍያዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች። «በርዶሻል ልጄ?» ሲላት፣ «የስ ዳዲ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ልቡ ሞላ። ልጄ እንዲህ ታስብልኛለች ማለት ነው፣ አለ በሆዱ።

አልካይ ሲደርሱ ባሕሩ ዳር ገበያ መስሏል። አንዱ ሙዝ ለብሷል፤ ከነልጣጩ። አንዲት አሮጊት ክንፍ አብቅላለች። ውሻው ሳይቀር ቀይ የገና ቆብ አድርጓል። ማይክ የያዘው ሰውዬ ከበሮ እንደዋጠ ይጮሃል፦ «ሃፒ ኒው ዪር አልካይ! አር ዩ ሬዲ ቱ ፍሪዝ?» ሕዝቡም «የስ!» ይላል፤ እንደ ምሕላ።

ከዚያ መንግሥቴ ዞር ሲል ሐበሻውን አየ። አንድ ሁለት ሰው አይደለም። ከሴንትራል የመጣ፣ ከዋይት ሴንተር የመጣ፣ በበዓል ቀን ከአልጋው የማይወርደው ሁሉ ካፖርቱን ቆልፎ ተሰልፏል።

«ይህ ሁሉ ሰው ለኔ ነው?» አለ።

«ላንተ ነው» አለ አክሊሉ። ይህን ሲል ወደ ባሕሩ ነበር የሚያየው።

መንግሥቴ ደስ አለው። ጋቢውን አውልቆ ለዘሪቱ ሰጣት። ቁምጣው፣ ቀጫጭን እግሮቹ፣ ያ ለቁምነገር የተፈጠረ ፊት! ሌላ ቀን ቢሆን የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ያን ሁሉ የሰጡት እኮ ለዚህ ነው። አንድም ሰው አልሳቀም። ሩጫው ተጀመረ፤ ሙዙም ሮጠ፣ ክንፏም ሮጠች፣ መንግሥቴም ሮጠ።

ውሃው ቀዝቃዛ አይባልም፤ ይቆርጣል። ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆረጠው፤ እምብርቱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ነጠቀው። ፈረንጆቹ አንዴ ጠልቀው፣ «ኦ ማይ ጋድ!» እያሉ እንደተባረረ ዶሮ ወደ ዳር ተመለሱ። መንግሥቴ ግን ጠለቀ፣ ዋኘ፤ እጆቹ የሐይቁን ነገር አልረሱም። ለእጅጋየሁ አንድ ዙር፣ ብሎ ጨመረ። ከዚያ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመና ለቪዲዮው እጁን ሊያውለበልብ ወደ ዳር ዞረ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሰዎቹን ከፊት ለፊት አይቷቸው አያውቅም። ሁልጊዜ እሱ ከነሱ ጋር ቆሞ ነው ሌላውን የሚያየው። አሁን ከወዲያ ማዶ ሆኖ አያቸው፤ በር ከፍቶ እንደሚያያቸው ሰው። በግራ አክሊሉ። በቀኝ ከማል፤ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ለመቅለብ። ራሱ ነው ከማልን በቀኝ ማቆም ያስተማራቸው። ከኋላ ሴቶቹ። ነፋሱ የአንዷን ካፖርት ገለጥ አደረገው፤ ከሥሩ ጥቁር ነው።

ማን? አለ። ዘሪቱ ይቻትና። ሃሴት ይቻትና።

ከዚያ ገንፎው ትዝ አለው። ስልኩ። የአክሊሉ ዝምታ። ኔትወርኩ። አረንጓዴው ያምርባታል።

ሌላ ማን አለው?

«ውጣ እንጂ!» አክሊሉ ተጣራ። «መንግሥቴ! በቃ አሳየሃቸው፣ ውጣ!»

አልወጣም። እግሩ ከሥሩ ይኑር አይኑር አያውቅም፤ ግን ቆመ። ማይክ የያዘው ሰውዬ ጭራሽ ደስ አለው፤ «ኤቭሪባዲ ኢዝ አውት! ኦንሊ ዋን ማን!» ይላል። ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ዘሪቱ ጋቢውን ታቅፋ ዳር ላይ ቆማለች። «ውጣ በማርያም!» ትላለች። የሚጠብቀው ዳር ላይ እንደሆነ እያወቀ ማን ይወጣል? እዚህ እስከቆመ ድረስ ማንም አልነገረውም። ያልተነገረው ሰው ዘንድ ደግሞ የሞተው አልሞተም። ስንት ዓመት ለሰው ሲሰጥ የኖረውን ትንሽ ዕድሜ፣ ዛሬ ለራሱ እየለመነ ነው፤ ከብርድ።

ከሰዎቹ መሃል አንዲት ሴት ወጥታ ወደ ውሃው መጣች። መክሊት ናት። ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ያ ነጭ የነርስ ጫማዋ እግሯ ላይ አለ። አላወለቀችውም። ከነጫማዋ፣ ከነሱሪዋ ገባች፤ ደረቷ ድረስ ገብታ አጠገቡ ቆመች። ስንት ዓመት ሰላም ያላለችውን ሰው።

«ጋሼ፣ ይበቃዎታል። ልብዎ ይቆማል።»

«አትንገሪኝ።»

«ምንም አላልኩም።»

«እዚህ እስካለሁ ድረስ አልሞተችም። አትንገሪኝ።»

መክሊት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «እኔስ?» አለች። «ያን ወር ሙሉ እማዬ አልሞተችም ነበር?»

የመንግሥቴ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ሙዝ የለበሰው ሰውዬ ከዳር ሆኖ «ጎ! ጎ! ጎ!» ይላል።

«መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሰኞ።»

«ማክሰኞ ሹራብ ገዛሁላት።»

«አውቃለሁ» አለች መክሊት። «እኔም ጫማ ገዝቼ ነበር።»

ክንዱን ያዘችው። ወጣ ማለት ይከብዳል፤ አወጣችው። አሸዋው ላይ ሲደርስ ማይክ የያዘው ሰውዬ እየዘለለ መጥቶ ያን ሁሉ ውሃ በሚያንጠባጥብ ራስ ላይ ቀይ የገና ቆብ ደፋበት፤ አንገቱ ላይ ሪባን አንጠለጠለበት። «ዘ ላስት ማን ስታንዲንግ! ጊቭ ኢት አፕ ፎር ሜን-ጂስ-ቲ!»

አክሊሉ በግራ፣ ከማል በቀኝ ያዙት። ሁሉም የሚናገረውን ሰው ይጠብቃል። ያ ምላሰኛ አክሊሉ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። ከሕዝቡ ጋር የመጡትን ቄስ አየ፤ ቄሱ መሬት አዩ። ያሰቡት እኮ ቤት ወስደው፣ አሙቀው፣ አስቀምጠው ሊነግሩት ነበር፤ ማን ይንገረው የሚለውን ግን እስከዚያች ደቂቃ አልቆረጡም። ከሱ በቀር መርዶ መንገር የሚችል ሰው አገሩ የለውማ።

መንግሥቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ» አለ፣ በዚያው በወፍራም ድምፁ፣ «ሁላችንም መንገ...»

አልጨረሳትም። ከማል ቀለበው።

ሴቶቹ ካፖርታቸውን ከፈቱ፤ «እጅጋየሁ! እጅጋየሁ እናታለም!» የሚለው ዋይታ ባሕሩን መታው። ዘሪቱ ደረቷን ትደቃለች፤ ሃሴት አማርኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣላትና «አክስቴን! አክስቴን!» ትላለች። ፈረንጆቹ የኛ እልልታ መሰላቸው። የድል ጩኸት መሰላቸው። ሙዙ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ዩ ዩ ዩ!» እያለ አብሮ ጮኸ፤ ክንፏ አሮጊት ክንፏን አርገበገበች፤ ሕዝቡ በሞላ፣ ከልቡ፣ ለቅሶውን ተከትሎ አጨበጨበ። ማን ሄዶ ይንገራቸው? ነጋሪው ወድቋል።

ዘሪቱ ጋቢውን በትከሻው ላይ ጣለችበት፤ ሱሪውንና ጫማውንም በእጆቿ ይዛለች። መንግሥቴ ግን ጋቢው እላዩ ላይ እያለ፣ ቀዩ ቆብ ወደ ጆሮው ዘምሞ፣ ባዶውን የባሕሩን ዳር ወዲያና ወዲህ ያያል።

«ልብሴን ማን ያዘልኝ?» ይላል። «ልብሴን ማን ያዘልኝ?»

«ይኸው፣ ይዤልሃለሁ» ትለዋለች ዘሪቱ።

«አይ» ይላል፤ «ይዛው ሄዳለች።»